ከሳነቴ ሣር በታች፦ የባሌው ግዙፍ ፍልፈልና በእርሱ የሚኖሩት

ከሮቤ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ የአስታውን ጫካ ጨርሶ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የሳነቴ አምባ ሲወጣ፣ መንገደኛው በዓይኑ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቀበሮን ነው። ቀበሮውን በዚያ ውርጭ ያኖረው ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ መሬቱን እንደ ወንፊት የበሳሳው ፍጥረት ሲሆን፣ ተመራማሪዎችም የባሌን ከፍታ ለመረዳት ከዚሁ ፍጥረት መጀመርን መርጠዋል።

በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሜዳዎች ሣሩን እየቆረጠ የሚበላውና ለቀበሮና ለጉጉት ቀለብ የሚሆነው፣ ጅራቱ አጭር፣ አካሉ ድቡልቡል የሆነው ቮል የተባለ አይጠ መሰል እንስሳ ነው። ቮል ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የለም። በባሌ ውርጭ የእርሱን ቦታ የያዙት የሌላ ወገን እንስሳት ሲሆኑ፣ ዋነኞቹ የብሊክ የሣር አይጥ፣ ጥፍሯ ጥቁር የሆነ ባለ ሻካራ ፀጉር አይጥና ግዙፉ ፍልፈል ናቸው። ሦስቱም ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኙም፤ ግዙፉ ፍልፈል ደግሞ የባሌ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት የቀይ ቀበሮን ዓይነ ምድር መርምሮ፣ በውስጡ ከተገኘው የታዳኝ ቅሪት 96 በመቶው በቀን የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ አጥቢዎች፣ በተለይም አይጠ መሰል እንስሳት መሆናቸውን፣ ከዚህም አብዛኛውን እነዚሁ ሦስቱ እንደሚይዙ አሳይቷል። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ እየኖሩ ለአደን ለየብቻ የሚሰማሩትም ምግባቸው ለአንድ አፍ የምትበቃ ትንሽ እንስሳ ስለሆነች ነው።

ግዙፉ ፍልፈል እስከ አንድ ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችል፣ ዓይኖቹ ወደ ራስ ቅሉ አናት የተጠጉ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ አፍ ብዙም ሳይወጣ ውጭውን መቃኘት ይችላል። አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች ቢያሳልፍም ለምግብ በቀን ብቅ ይላል፤ የኋላ አካሉን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀርቶ በዙሪያው ያለውን ተክል በጥርሱ ይቆርጥና ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ከዚያም አፉን በአፈር ይደፍናል። አብራው የምትውል ትንሽ ወፍ ከተቆፈረው አፈር ትላትል ትለቅማለች፤ አደጋ አይታ ስትጮኽ ፍልፈሉ ፈጥኖ ይገባል። እንዲህ ያለማቋረጥ ሲቆፍር ከሥር ያለውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፣ የትኛው ተክል የት እንደሚበቅልም ይለውጣል። በመሆኑም የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት፣ ማለትም ሕያዋን ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር የሚያጠኑ ሰዎች፣ የመኖሪያ አካባቢን ከሚሠሩ እንስሳት ተርታ ይመድቡታል።

ሰውም ይህን እንስሳ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን፣ በአካባቢው ያሉት ጫፎች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ሳለ፣ ሰዎች በዚያ ይኖሩና ግዙፉን ፍልፈል በእሳት ጠብሰው ይበሉ እንደነበር በተቃጠሉ አጥንቶች አረጋግጧል። ያ ዘመን በሌላም መንገድ፣ በእንስሳው ዘር ውስጥ፣ አሻራውን ሳይተው አልቀረም።

ይህን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ነው። ዘረመል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የባሕርይ መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያው የተጻፈው ዲኤንኤ በተባለ ረቂቅ ኬሚካል ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ እንስሳው በሚኖርበት 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ውስጥ ከዘጠኝ ቦታዎች የተገኙ 77 ፍልፈሎችን ዲኤንኤ ሲያነጻጽሩ፣ የሰሜንና የደቡብ ተብለው የተለዩ፣ እርስ በርስ የመዋለድ ምልክት የማይታይባቸው ሁለት ወገኖች አገኙ። የለያቸው በመካከላቸው የቆመውና የከፍታ ልዩነቱ እስከ 500 ሜትር የሚደርሰው ገደል ሲሆን፣ ከ42,000 እስከ 16,000 ዓመታት በፊት ደቡቡን የሸፈነው የበረዶ ግግርም መለያየቱን አጽንቶት ሊሆን ይችላል። የሚያስደንቀው ግን፣ በየወገናቸው ውስጥ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ቦታዎች መካከል እንኳ ዘር መቀላቀሉ ነው፤ ለቆፋሪ እንስሳ ይህ ረጅም መንገድ ነው፣ በምድር ላይ መጓዙንም ያመለክታል። ርቀት ያልገታውን እንስሳ ገደል ገታው።

ፍልፈሉንና ሌሎቹን አይጦች የሚበላውን ቀይ ቀበሮ የሚያሰጋው ግን በሽታ ነው፤ እርሱም ከምግቡ ብዛት ጋር ይያያዛል። አይጠ መሰል እንስሳት በበዙበት ስፍራ የቀበሮ መንጋዎች ተቀራርበው ስለሚኖሩ፣ ከእረኞች ውሾች የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ አንድ መንጋ ውስጥ ከገባ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ በባሌ ተራሮች ባለው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ያህል አልቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ደርሷል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሆነው ከግማሽ በላያቸው በባሌ ስለሚኖሩ፣ አንድ ወረርሽኝ የመላ ዝርያውን ህልውና ይነካል። ውሾችን መከተቡ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ የማብላት ዘዴ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዘመቻ መልክ ቀጥሏል።

ክትባቱ ቀበሮውን ከሞት ሲያድን የሚበላውን ግን አይሰጠውም። ፍልፈሉ በደቡቡ ከፍታ ቢጠፋ የሰሜኑ ወገን ገደሉን ተሻግሮ አይተካውም፤ በሰሜኑ ቢጠፋም እንዲሁ ነው።