የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በመሐንዲሶች ማኅበር የመሳተፋቸው ጥቅም

ለብዙ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ባለቤቶች መሐንዲሶቻቸውን ወደ ሙያ ማኅበር ስብሰባ መላክ የሥራ ሰዓት ማባከን መስሎ ይታያቸዋል። ሒሳቡ በሚገባ ቢመረመር ግን ትርፉ ከወጪው እንደሚበልጥ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

አይ ትሪፕል ኢ በመባል የሚታወቀው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሁለት ቀደምት ማኅበሮች ውሕደት ሆኖ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በ1884 እና በ1912 የተቋቋሙት ማኅበሮች በየበኩላቸው ይሠሩ ነበር።

ኮምፒዩተሮችን በሽቦ የሚያገናኘው የኤተርኔት ዘዴ በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተፀነሰ። ኩባንያው ግን ዘዴውን ለብቻው ይዞ አልቀረም፤ በ1980 ከዲጂታልና ከኢንቴል ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ዝርዝሩን አሳተመ፤ ጉዳዩም ለማኅበሩ ኮሚቴ ቀረበ። ደረጃው በ1983 ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ደረጃ የተሠራ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጋር ስለሚገጥም፥ ገዢው ሳይጠራጠር ገዛ፤ ገበያውም ለሁሉም ሰፋ።

ደረጃው ሲረቀቅ ያልተገኘ ድርጅት ግን ሌሎች የወሰኑትን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም፤ ንድፉንም እንደገና የሚለውጠው በራሱ ኪሣራ ነው።

በማኅበሩ አሠራር፥ በአንዳንዱ የደረጃ ሥራ መሐንዲሱ በግሉ ድምፅ ይሰጣል፤ በሌላው ድርጅቱ ራሱ አባል ሆኖ አንድ ድምፅ ያገኛል፤ በዚህም ትልቁና ትንሹ እኩል ናቸው። በስብሰባው ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ገበያ ክፍፍል መነጋገር ክልክል ስለ ሆነ፥ የንግድ ውድድር አይጓደልም።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች የመሐንዲሶቻቸውን መዋጮ በመክፈልና ጊዜ በመፍቀድ ተሳትፎአቸውን ሊያበረታቱ ይገባል።