ድፍረት ብቻውን ጋሻ አይሆንም



ታናሽ ወንድሜ ፖሊስ ነው። ሌሊት ተረኛ በሆነ ጊዜ እናታችን እስኪመለስ አትተኛም። እኔም «ደፋር ነውና አይዞሽ» እያልሁ አጽናናት ነበር።

ዳሩ ግን በ1962 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ኒውሆል በተባለው ስፍራ የሆነውን ባነበብሁ ጊዜ ዝም አልሁ። መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች አራት ወጣት የአውራ ጎዳና ፖሊሶችን ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ገደሉ። ሟቾቹ ድፍረት የጎደላቸው አልነበሩም። መሥሪያ ቤታቸው ግን ከሐዘኑ ተምሮ፣ አደገኛ ተጠርጣሪ የሚያዝበትን ደንብና ልምምድ አሻሻለ።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች በጀት ሲጠብ አስቀድመን የምንሰርዘው የሥልጠናን ወጪ ነው። እንግዲህ ብዕር ከማንሣታችን በፊት በር በሩን የምታይ እናት ትታሰበን።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ