የደኻውና የአረጋዊው ቤት በጅግጅጋ



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 30 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ የሚታሰብለት አበል፣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ያገኘው አማካይ ደመወዝ 55 በመቶ ነው። ሕጉ ስለ መጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ያስብለታል። ገቢው እንዲህ ወደ እኩሌታው ሲወርድ የቤቱ ኪራይ ግን አብሮ አይወርድም። ነገሩ ለደመወዝተኛው ይህን ያህል ከከበደ፣ ጡረታ የሌለው የቀን ሠራተኛና ጧሪ ያጣችው አሮጊት እንደምን ይሆናሉ? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ጅግጅጋ በ1909 ዓ.ም. ገደማ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጊዜ መንገዶቿ በቀጥታ መሥመር ተነድፈው የተሠራች ከተማ ናት። የሶማሌ ክልል መቀመጫ ከጎዴ ወደ እርሷ ከተዛወረ ወዲህ መሥሪያ ቤቱም ነጋዴውም በርክቶባት፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቧ ከ125 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከብቱ በድርቅ ያለቀበት አርብቶ አደርም ወደ ከተማ ይገባል። ይህ ሰው በገጠር ሳለ ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ሚስቱ በጎበጠ እንጨት ላይ ራሷ የሠራችውን ምንጣፍ አልብሳ የምትተክለው አቃል በግመል ተጭኖ አብሮት ይጓዛል። በከተማ ግን ለምትተከለው ጎጆ ሁሉ መሬቱ ባለቤትና ዋጋ አለው።

በአገራችን ለደኻው ቤት ማቅረብ በሁለት መንገድ ተሞክሯል። የመጀመሪያው፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ መሰጠቱ ነው። ይህ ለብዙ ችግረኛ መጠለያ ሆነ። ነገር ግን ዝቅተኛው ኪራይ ለብዙ ዓመታት ሳይሻሻል በመቆየቱ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ጠፍቶ፣ የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳ ፈረሰ፤ ቆርቆሮውም ዛገ።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ ሲደረግ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ መርሐ ግብሮች ነበሩ፤ ገዢው 10፣ 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍላል። ይህ የዘወትር ገቢ ላለው ጎልማሳ መልካም መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የ70 ዓመት ሽማግሌ የረጅም ዘመን ብድር ከማን ያገኛል? ዕጣ የወጣላቸውም ደኾች ወርኃዊውን ክፍያ ባለመቻላቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ወደ ርካሽ ሠፈር የሄዱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ተከራይን ይጠብቃል፤ አዲስ ቤት ግን አይሠራም።

ስለዚህ የሚጎድለው ሦስተኛው መንገድ፣ ማዘጋጃ ቤት ራሱ ሠርቶ የሚያከራየው ቤት ነው። የቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1923 ባለጸጋው ከፍ አድርጎ የሚከፍለው የቤት ግብር ጥላ ለሠራተኛው ቤት መሥራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ብቻውን 1,382 መኖሪያዎች ነበሩት፤ ዛሬም የሚያከራየው ከተማው ነው።

ጅግጅጋም ሆነች እንደ ቀብሪበያህና ቶጎ ውጫሌ ያሉት ጎረቤቶቿ፣ ቪየናን የሚያህል ሀብት ባይኖራቸውም ሥርዐቱን በትንሹ ሊጀምሩት ይችላሉ። ኪራዩ በተከራዩ ገቢ ልክ ይወሰን፤ ከኪራዩም የጥገናው ድርሻ በየወሩ ተለይቶ ይቀመጥ። ጉልበቱ ለደከመ አረጋዊ ምድር ቤቱ ይሰጠው፤ ሠፈሩም ከውሃ፣ ከሐኪም ቤትና ከመስጊድ አይራቅ። የተቸገሩትን የሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛም ተራውን በእውነት ይጠብቅ፤ እርሱም ከደመወዙ ወደ 55 በመቶው የሚወርድበት ቀን ይመጣልና።