መጠጥ፣ ጫትና የቤት ውስጥ ጥቃት በወረርሽኙ ወቅት

የኮቪድ-19 ሥርጭትን ለመግታት በ2012 ዓ.ም. መጠጥ ቤቶችና ጫት ቤቶች ሲዘጉ፣ በውጭ ይዘወተር የነበረው አረቄ፣ ቢራና ጫት ወደ መኖሪያ ቤት ገብቶ ነበር። ቀድሞ አምሽቶ ይመለስ የነበረ አባወራ ያኔ በባለቤቱና በልጆቹ ፊት ቀኑን ሙሉ ሊጠጣ ይችል ነበር። ሥራ ቆሞ ገቢ ሲቀንስም በብዙ ቤት ቀድሞ የሚጎድለው መጠጡ ሳይሆን የልጆቹ ቀለብ ነበር። አረቄ ቫይረሱን ከጉሮሮ ያጥባል የሚለው ወሬ ደግሞ ለጠጪው ተጨማሪ ምክንያት ሆኖት ነበር። አልኮል እጅን ለማጽዳት ይረዳል፤ ሲጠጣ ግን ከቫይረሱ አይከላከልም፤ አብዝቶ መጠጣት እንዲያውም ሰውነት በሽታን የመቋቋም አቅሙን ያዳክማል።

አልኮል በመጠን ሲበዛ ነገሮችን የማመዛዘንና ራስን የመግዛት ችሎታን ይቀንሳል፤ ተራ ንግግር እንደ ስድብ፣ ዝምታም እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል። ጫት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ለጊዜው ያነቃቃል፤ ምርቃናው ሲለቅ ግን ብስጭት፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ እየተባለ የሚጠጣው አልኮል ሁለቱን ጉዳቶች በአንድ ምሽት ያገናኛቸዋል። መግዣ ገንዘብ ሲጠፋ የሚመጣው ሐራራም ለጠብ መነሻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ «መጠጡ ነው እንጂ እሱስ ደግ ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ሊመረመር ይገባል። ሰክሮ ባለቤቱን የሚመታ ሰው በዚያው ስካሩ ፖሊስን ወይም አለቃውን ለመምታት አብዛኛውን ጊዜ አይደፍርም፤ ማንን መምታት እንደሚቻል ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 ከመቶ ያህሉ በባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ባሎቻቸው ደጋግመው በሚሰክሩ ሴቶች ላይ ጥቃቱ የበረታ ቢሆንም፣ ከማይጠጡ ባሎች ዘንድም አልጠፋም። ስለዚህ ስካር ጥቃቱን ያብሳል፤ መነሻው ግን ሚስትን መምታት ተገቢ ነው የሚለው እምነት ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የተደነገገ ወንጀል ሲሆን፣ ፈልጎ የሰከረ ሰው «ሰክሬ ነበር» በማለት ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

የሰከረን ሰው በዚያው ሰዓት መምከርም ሆነ መውቀስ አደጋውን ሊያባብስ ይችላል። ጠብ ሲጀመር ስለታም ዕቃ ካለበት ከማድ ቤት ራቅ ብሎ ወደ መውጫ በር መቅረብ፣ መታወቂያንና የልጆችን የክትባት ካርድ አስቀድሞ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከታመነች ጎረቤት ጋርም ምልክት መስማማት ይጠቅማል። በወረርሽኙ ወቅት የተሰጠው ቤት የመቆየት ምክርም ሕይወቷ አደጋ ላይ የወደቀን ሴት ከቤት እንዳትወጣ የሚያስገድድ አልነበረም።

ለማቆም የወሰነ ሰውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መቃዠት፣ አልፎ አልፎም ሕይወትን የሚያሰጋ የሚጥል ሕመም ሊያጋጥመው ይችላል። ስለሆነም በጤና ባለሙያ ክትትል እንዲያቆም ይመከራል፤ ቤተሰብም መንቀጥቀጡን እንደ ማስመሰል ሊቆጥረው አይገባም።

ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ጥቃት የምትጠይቀው ሴቲቱን ለብቻዋ ስታገኝ ብቻ ነው። ባል አጠገብ ካለ ስለ ሳልና ትኩሳት ጠይቃ፣ የቀረውን ለሌላ ቀን ታቆየዋለች። ስልኩን ባልየው ይዞት ሊሆን ስለሚችል መልእክት መላክ አይመከርም። አስገድዶ መድፈር ተፈጽሞ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ተጎጂዋ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትላካለች።