በአሮጌ መኪና ላይ ስለሚቆም ሰዓት

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚቀርብ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፤ ጎማውን ያያል፤ ሻንሲውን ይመረምራል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት ቆሞ ቢያገኘው ግን «ይህስ ጌጥ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። ሰዓቱ ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ እንኳ ሌትና ቀን ከባትሪው ኀይል የሚቀበል ዕቃ በመሆኑ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ሽቦው ጤንነት ቀድሞ የሚመሰክር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ለነጋዴው ይበልጥ የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን በአጭሩ እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የጉድለቱን ዐይነት መለየት ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ ነው። በብዙ መኪናዎች ሰዓቱ፣ የውስጥ መብራቱና የሬዲዮው ማስታወሻ በአንድ ፊውዝ ስለሚያልፉ፣ ሦስቱም አብረው ከጠፉ ምክንያቱ ከሰዓቱ ውጭ ነው ማለት ነው። የተቃጠለው ፊውዝ 10 አምፔር ከሆነ የሚተካውም 10 አምፔር መሆን አለበት። ከፍ ያለ ፊውዝ ማግባት ወይም በቀጭን ሽቦ ማገናኘት ግን የመኪናውን ሽቦ አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ፈጽሞ አይገባም።

ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ 1፡00 የሚመለስ ከሆነ፣ ይህም በቁጥር በሚያሳዩት የቶዮታ ሰዓቶች ላይ የሚታይ ነው፣ ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ኀይል እጅግ እየወረደ መሆኑን ያመለክታል። 1፡00 በእኛ አቈጣጠር ማለዳ ስለ ሆነ፣ በጧት ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው ስሕተቱን ሳያስተውል ብዙ ቀን ሊቈይ ይችላል። ደኅና ባትሪ ዐርፎ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያህል ያሳያል። ከዚህ ካነሰ የባትሪውን ማሰሪያዎች ማጽዳትና ማጥበቅ፣ ከዚያም ዲናሞውን ማስመርመር ይገባል። ሰዓቱን መለወጥ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ቁጥሮቹ ደብዝዘው ወይም ብልጭ ድርግም እያሉ፣ መታ ሲደረጉ የሚመለሱ ከሆነ፣ በሙቀትና በመንገድ ንዝረት የውስጡ የእርሳስ ብየዳ ተሰንጥቆ ይሆናል። ሬዲዮ የሚጠግን ባለሙያ ብየዳውን ቢያድሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም።

በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹና 1960ዎቹ በተሠሩት መኪናዎች ላይ ያለው ባለ ቀስት ሰዓት ግን ጠባዩ ልዩ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ትንሽ ሞላ አለ፤ ሞላው ሲላላ ሁለት የመገናኛ ነጥቦች ይነካካሉ፤ ማግኔቱም በባትሪው ኀይል ሞላውን መልሶ ይጠመዝዘዋል። ባትሪው ሲደክም ማግኔቱ አቅም ያጣል፤ ነጥቦቹም እንደ ተያያዙ ይቀራሉ፤ ጥቅልሉም ይግላል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ በጥቂት ሙቀት የሚቀልጥ ብየዳ አኑረዋል፤ እርሱ ሲቀልጥ ሰዓቱ ይቆማል። ይህን ስፍራ በተራ ሽቦ ማገናኘት ጥበቃውን ማጥፋት ነው።

ብዙ ሰዎች ባትሪያቸው በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ሰዓቱን ይወቅሳሉ። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። 10 ሚሊአምፔር የሚወስድ ሰዓት 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ለመጨረስ 6,000 ሰዓት፣ ማለትም 250 ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የጨረሰው ሌላ ነው፤ ያረጀ ባትሪ ወይም ሳይጠፋ ያደረ መብራት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ገዢ የሆነ ሁሉ የቆመ ሰዓት ሲያይ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ባትሪውንም በፊቱ ያስለካ። ሻጭም ጉድለቱን አስቀድሞ ቢናገር በአነስተኛ ወጪ የሚጠገን ነገር ሽያጩን አያፈርስበትም፤ ከሽያጭ በኋላ የተገኘ ጉድለት ግን ስሙን ያጐድፍበታል።