ጉልበት የሚያስመታው መድኃኒት

ከማዋለጃ ክፍል መድኃኒቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ማግኒዥየም ሰልፌትን ነው። መልኩ ውሃ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ስሙን አንስቶ የሚያመሰግነው ግን የለም። በእርግዝና ደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን ማንቀጥቀጥ፣ ማለትም ኢክላምፕሲያን፣ ያቆማል፤ አስቀድሞም ይከላከላል።

ስለ በሽታው ብዙ አልልም። ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን የተገኘባት እናት ፕሪኢክላምፕሲያ አለባት። ራሷን ከፈለጣት፣ ዓይኗን ካጭበረበራት ወይም ከእምብርቷ ከፍ ብሎ ከወጋት፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትታይ።

መድኃኒቱን በ1995 እ.ኤ.አ. ከዳያዜፓምና ከፌኒቶይን ጋር ያወዳደረው ሰፊ ጥናት ብልጫውን አሳየ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ኢክላምፕሲያን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። የግፊት ማውረጃ የሚመስለው ባለሙያ ግን ዛሬም አይጠፋም። ግፊት የሚያወርዱት እንደ ሃይድራላዚን ያሉት ናቸው፤ የማግኒዥየም ሥራ ማንቀጥቀጡ ላይ ነው።

አሰጣጡ የታወቀ ነው፤ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ወዲያው በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መቀመጫ እያፈራረቁ። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ግን አዋላጇ የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16፣ ሽንቷም በ4 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ታያለች። ቀጥሎ ጉልበቷን ትመታለች።

ይህን አመታት ማየት እወዳለሁ። አንዲት አንጋፋ አዋላጅ መዶሻ አጥታ በመዳፏ ጠርዝ ስትመታ አይቻለሁ። «እግርሽን ልቀቂው የኔ እናት» ብላ ከጉልበቷ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን ጅማት መታ ስታደርገው እግሩ ፈንጠር አለ። አማቷ ደንግጠው «ልጄ፣ ምን በደለችና ትመቻታለሽ?» አሉ። «እማማ፣ ደኅና መሆኗን እየጠየቅኳት ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ማግኒዥየም ከልክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ የእግር መፈንጠር ነው፤ ትንፋሽ የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንት የሚለካውም መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ነው፤ በሽታው ደግሞ ኩላሊትንም ይጎዳል። እግሩ ካልፈነጠረ ተረኛው መርፌ ይቆያል። ትንፋሿ ከደከመ ማርከሻው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ ከአልጋዋ አጠገብ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት።

አሁን ወቀሳዬ። በሐሙሲት ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች የተነሳች እናት በወሳንሳም በባጃጅም ብላ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ ከዚያ በአስፋልቱ ወደ ባሕር ዳር ወይም በወረታ ታጥፋ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ትላካለች። የመጀመሪያውን መርፌ ሳይሰጡ ሪፈር ጽፎ አምቡላንስ ላይ መጫን መንገድ ላይ እንድትንቀጠቀጥ መፍረድ ነው። ሰጥቶ መጠኑንና ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ አለመጻፍም ጥፋት ነው፤ ተቀባዩ ሐኪም ይድገም ወይስ ይጠብቅ? ቤተሰብም ሲያንቀጠቅጣት ክብሪት ማስሸተቱን ይተው። በጎኗ አስተኝተው፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ መኪና ይፈልጉ።

ሌላው ስሕተት «ከተገላገለች ዳነች» ማለት ነው። ማንቀጥቀጡ ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከወለደችበት ወይም መጨረሻ ካንቀጠቀጣት፣ ከዘገየው ተቆጥሮ፣ 24 ሰዓት ይቀጥላል። ገንፎው ደርሷል ብላችሁ አታስቸኩሏት። ቤት ከገባች በኋላም አራሷ ራሷን ከፈለጣት፣ ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ከማሸታችሁ በፊት ወስዳችሁ ግፊቷን አስለኩ።