ሦስት እግር ለውሻ ይበቃዋል

በአርማጭሆ፣ በአብርሃ ጅራ ዙሪያ ባለው ቆላ ውሻ ሥራ አለው። ሰሊጥና ማሽላ ሊዘራ ከደጋ የሚወርደው ሞፈር ዘመት፣ በየእርሻ ካምፑ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ፣ ከብቱን በረት የሚያስገባው አርሶ አደር ሌሊቱን የሚያምነው በውሻው ጩኸት ነው። ጅብ ሲቀርብ ቀድሞ የሚሰማው፣ ሌባ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ስለዚህም ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ጅብ ይነክሰዋል፣ እህል የጫነ መኪና ወይም ትራክተር ይወጣበታል፣ ለአውሬ በተጠመደ ሽቦ ይያዛል፣ ጥይት ይመታዋል። አጥንቱ ደቆ ወይም ሥጋው ሞቶ እግሩ የማይድን ሲሆን ብዙው ባለቤት የሚታየው ሁለት መንገድ ነው፤ መግደል ወይም ከመንደር አርቆ መጣል።

ሌላ መንገድ አለ፤ የማይድነውን እግር በቀዶ ጥገና አስወግዶ ውሻውን ማትረፍ። ይህን የሰማ ሁሉ “በሦስት እግር ምን ሕይወት አለው?” ይላል። ጥያቄው ከጭካኔ ሳይሆን ከሐዘኔታ የሚመጣ ነው፤ በመሆኑም በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የፊት ወይም የኋላ እግራቸው የተቆረጠ ውሾችን 64 ባለቤቶች ጠይቆ ነበር። 58ቱ በውሻቸው ጠባይ ላይ ለውጥ አላየንም አሉ። 56ቱ ኑሮው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ወደ ቀድሞው ተመልሷል ሲሉ፣ 50ዎቹ ማገገሙ ከጠበቁት በላይ እንደነበር ተናገሩ። 55ቱ ደግሞ ያው ነገር ቢገጥማቸው ያንኑ ውሳኔ እንደሚደግሙ ገለጹ። እነዚያ የአሜሪካ ውሾች ናቸው፤ የአርማጭሆ ውሻ ኑሮ ሌላ ነው። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ እሾሁና ጅቡ አሉበት። የሰውነቱ አሠራር ግን አንድ ነው።

አራት እግሩ ደህና የሆነ ውሻ ክብደቱን ለአራቱም እኩል አያካፍልም። ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ደረቱ ስለሚከብዱ ከመቶ 60 ያህሉ በፊት እግሮቹ፣ 40 ያህሉ በኋላዎቹ ላይ ያርፋል። አንድ የፊት እግር ሲጎድል፣ ቀድሞ 30 ከመቶ ይሸከም የነበረው ሌላኛው የፊት እግር ሸክሙ ወደ 46 ከመቶ ያድጋል። የኋላ እግር ሲጎድል ግን የቀረው ብቸኛ የኋላ እግር ጭነት ከ20 ወደ 26 ከመቶ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ትርፉን የፊት እግሮቹ ይቀበሉታል። የፊት እግሩን ያጣ ውሻ ይበልጥ የሚቸገረው ለዚህ ነው። በጀርመን የዬና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት እግር ያላቸውን ውሾች በመሮጫ ማሽን ላይ እያስሄዱ እርምጃቸውን መዝግበው ነበር፤ ያሰቡት እግሩ ቢሰበርም መንቀሳቀስ የማያቆም ሮቦት ለመሥራት ነው። የኋላ እግራቸውን ያጡት ውሾች የፊት እግሮቻቸውን ምንም እንዳልተፈጠረ ያንቀሳቅሱ ነበር። የፊት እግራቸውን ያጡት ግን የቀሩትን እግሮች ቅንብር እንደ አዲስ ማስተካከል ነበረባቸው።

ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። የኋላ እግሩ የተቆረጠ ውሻ ሲቆም ጠጋ ብሎ ማስተዋል ይበቃል። ብቸኛው የኋላ እግር ከቀን ወደ ቀን ወደ መሐል እየገባ ከጅራቱ ሥር ትክክል ያርፋል፤ ሦስቱ መዳፎች የበርጩማ እግሮች መሬት ላይ የሚሠሩትን ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሲዞር ጅራቱ ወደ ተቃራኒው ወገን እየተወረወረ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። የፊት እግሩ የተቆረጠው ደግሞ ብቸኛውን የፊት መዳፍ ወደ ፊት ባሳለፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ ይነቀንቃል። ለሁለቱም ቀስ ብሎ መራመድ ከመሮጥ ይከብዳል። አብዛኞቹ ውሾች ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ይቆማሉ፤ በወር ገደማም አዲሱን አካሄድ ይለምዱታል። እንዲያውም እግሩ ከተሰበረ ሳምንት ያለፈውና አንጠልጥሎት የሚሄድ ውሻ ልምምዱን ገና ድሮ ጀምሯል። ሐኪሙ “ይችላል ወይስ አይችልም?” ብሎ ሲመዝን ቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው። የቀሩት ሦስት እግሮች ጤነኛ ከሆኑ፣ ውሻውም ከመጠን በላይ ካልወፈረ ተስፋው ጥሩ ነው። ሌላ እግሩም የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያዎቹ በእርጅና የታመሙ ከሆነ ግን ስቃይ ማራዘም ሊሆን ስለሚችል በግልጽ መነጋገር ይሻላል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ብዙ ባለቤቶችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለው። ጉዳቱ መዳፉ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሆኖ ሳለ ሐኪሙ እግሩን ከላይ፣ ከሥሩ ያነሳዋል። አጭር ጉማጅ ቢቀር ውሻው ሊረግጥበት እየሞከረ መሬት ለመሬት ይጎትተዋል፤ ቆዳው ተልጦ ይቆስላል፣ ቁስሉም አይድንም። የፊት እግር ብዙውን ጊዜ ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጋር አብሮ ይወጣል። ይህ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም፤ የውሻ የፊት እግር ከሰውነቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ እንጂ በአጥንት መገጣጠሚያ ስላልሆነ ነው። የኋላው እግር ጭኑ አጥንት ላይ ወይም ከዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ይቆረጣል። ሙሉ ማደንዘዣና ንጹሕ የቀዶ ጥገና ክፍል የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ በየመንደሩ አይሞከርም። ከአብርሃ ጅራ በሳንጃ በኩል ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል፤ በአካባቢው ቀድሞ የሚጠየቀውም እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት የባለቤቱ ናቸው። መሄዱን ውሻው ራሱ ያውቅበታል። የባለቤቱ ትልቁ ሥራ እንዳይሮጥ ማገድ ነው። ውሻው ደህና የሆነ ሲመስለው ይዘላል፣ ከሌሎች ውሾች ጋር ይሯሯጣል፤ በዚህ ጊዜ በቆዳው ሥር ያለው የጡንቻ ስፌት ይላላል፣ ደም ወይም ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ፣ በገመድ ተይዞ ለሽንትና ለሰገራ ብቻ ይውጣ። የኋላ እግሩ የተቆረጠ ከሆነ አሮጌ ነጠላ አጥፎ ከሆዱ ሥር፣ ከብሽሽቱ ፊት ለፊት አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ ከጀርባው በላይ መያዝ ነው። ማንሳት አያስፈልግም፤ ሊወድቅ ሲል ብቻ ደገፍ ማድረግ ይበቃል። ወንድ ውሻ ከሆነ ሽንቱን እንዳይከለክለው ነጠላውን ማየት ይገባል። ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ከሆነ ባዶ ጆንያ ወይም ማዳበሪያ ይነጠፍበት፤ ከተንሸራተተ በኋላ ለመቆም የሚፈራ ውሻ ብዙ ነው።

ቁስሉን እንዳይልስ መከልከል ግድ ነው። ምራቅ ያድናል የሚለው እምነት ስፌት ላይ አይሠራም፤ የውሻ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፣ ምላሱም ክሩን ይፈታዋል። ከተማ ውስጥ ለዚህ የተሠራ የአንገት መከለያ ይሸጣል። ከሌለ ደግሞ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም የጀሪካን ታች ቆርጦ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ውሃ መጠጣትና መብላት መቻሉን ግን ማረጋገጥ ያሻል። ቁስሉን በየቀኑ ጠዋትና ማታ በብርሃን ያዩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እብጠትና መቅላት ይጠበቃል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከጨመረ፣ መግል ከወጣ፣ ከሸተተ ወይም የስፌቱ አፍ ከተከፈተ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሜርኩሮክሮም፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ቤንዚን አያስፈልገውም።

የቆላው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በዚሁ ቆላ ያለችው መተማ ዮሐንስ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 685 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። በሦስት እግር እየዘለለ የሚሄድ ውሻ ደግሞ ለዚያው መንገድ ብዙ ጉልበት ስለሚያወጣ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ሐኪሙን ቀዶ ጥገናው በቀዝቃዛዎቹ ወራት እንዲሆን መጠየቅ፣ ካልተቻለም ውሻውን የሚያወጡት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ መሆን አለበት። ጥላና ንጹሕ ውሃ ከአጠገቡ አይጥፋ።

ዝንብ ደግሞ ከሙቀቱ አይተናነስም። እርጥብ ቁስል ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ በቆላ ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል፣ ትሉም ጤነኛውን ሥጋ ጭምር ሊበላ ይችላል። ውሻው ቀን ቀን ዝንብ የማይገባበት፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ወይም በአጎበር ሥር ቢተኛ ይመረጣል። ማታም ሜዳ ላይ እንዳይተው። ከመተማ እስከ አብደራፊ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በስንጥቁ ውስጥ ትውላለች፤ የምትናከሰውም በምሽት ነው። ውሻውን የሚያስታምመው ሰው ራሱም አጎበር ሳይዘረጋ ከዛፍ ሥር እንዳያድር አደራ እላለሁ።

ስለ ሕመም ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ ዘንድ እንስሳ ካልጮኸ አላመመውም ተብሎ ይታሰባልና። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። የሚታየው መተኛት እያቃተው ተነስቶ መቀመጡ፣ ምግብ መተዉ፣ ጥግ ይዞ መፍዘዙ፣ ቁስሉ አካባቢ ሲነኩት ዞሮ ማየቱ ነው። ማለክለክም የሕመም ምልክት ነው፤ በቆላ ግን ሁሉም ውሻ ስለሚያለከልክ ያሳስታል። ማለዳ፣ ሌሎቹ ውሾች አፋቸውን ገጥመው በተኙበት ሰዓት እሱ ብቻ ካለከለከ ሕመም ነው። እግር ሲቆረጥ ትላልቅ ነርቮች ይቆረጣሉ፤ ነርቮቹ አንዳንዴ ከቆዳው መዳን በኋላም የተሳሳተ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። ቁስሉ ደህና ሆኖ ሳለ ድንገት የሚጮህ፣ የጎደለው እግር ወደነበረበት ዞሮ የሚነክስ ውሻ ይህ ሊሆንበት ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ከመቁረጡ በፊት ነርቮቹን በማደንዘዣ የሚወጋው ይህን ለመቀነስ ነው።

ከሰው ፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ መስጠት ግን ውሻውን ሊገድለው ይችላል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል መጠኑ ካለፈ ጉበቱን ያበላሻል። ትራማዶል ደግሞ በሰው አካል ውስጥ ወደሚያስታግሰው ንጥረ ነገር የሚለወጠውን ያህል በውሻ አካል ውስጥ አይለወጥም፤ ሕመሙን ሳያስታግስ ያደነዝዘዋል። የእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንደ ሜሎክሲካም ያለ፣ በውሻው ክብደት የተሰላ ማስታገሻ ነው። ከምግብ ጋር፣ በታዘዘው ቀን ብቻ ይሰጠው።

ቁስል ሲድን ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል። የማሽላ እንጀራ ፍርፋሪ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ የሥጋ ቁርጥራጭ ይጨመርለት። ከወር በኋላ ግን ልግስናው ይገታ። በጠቀስኩት የ2015 ጥናት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው የወፈሩና የከበዱ ውሾች የኋላ ኑሯቸው ያን ያህል ጥሩ አልነበረም። ጎኑ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ በእጅ የሚቆጠር ይሁን።

ከዚያ በኋላ የሚጠበቁት ሦስቱ እግሮች ናቸው። አራት እግር ያለው ውሻ እሾህ ሲወጋው አንዱን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን ትርፍ እግር የለውም። ስለዚህ ማታ ማታ መዳፎቹን አንድ በአንድ ገልጦ በጣቶቹ መካከል ማየት፣ የግራር እሾህና ክረምት ላይ ተጣብቆ የሚደርቀውን ዋልካ ማውጣት፣ ጥፍሩን መቁረጥ ያስፈልጋል። ከአጨዳ በኋላ የሰሊጥ ግንድ ጉቶው ሹል ሆኖ በቆመበት ማሳ ውስጥ ባይሮጥ ይሻላል። መጮህና ማስጠንቀቅ ይችላል፤ የጥበቃ ሥራውን አያጣም። ከጅብ ጋር መታገል ግን አይችልም፣ ሌሊቱን በአጥር ውስጥ ወይም በረት ውስጥ ይደር።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። እግሩ የተጎዳው በጅብ፣ በቀበሮ ወይም በማያውቁት ውሻ ተነክሶ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኩት፤ ለእንስሳት ሐኪሙ ቀድመው ይንገሩ። ሰው ከተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ካረፈ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ጤነኛ ውሻዎን ደግሞ በየዓመቱ ያስከትቡ። እግሩ ከተሰበረም በኋላ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ያሳዩት፤ በጊዜ የታየ ስብራት ብዙ ጊዜ መቆረጥ አያስፈልገውም።